ለቅሶ በቢጫ ሄልሜት

እንጅባራ ዳር፣ እንግዶች ፈረስ ሊጋልቡ በሚመጡበት ጋጥ በር ላይ፣ በጋጡ ባለቤት በሟቹ ጋሽ ይስማው የአርባ ዋዜማ ጠዋት፤ አልቃሿ እትዬ አንጓች ከበሩ ውጭ፣ የጋጡ ጠባቂ ቢተው ከበሩ ውስጥ፣ በመካከላቸው አንድ ቢጫ ሄልሜት።

አንጓች፦ አላደርገውም ብዬሃለሁ! ሰው ምን ይለኛል? አልቃሽ አንጓች በስተርጅና ሞተር ሳይክል ጀመረች?

ቢተው፦ የሞተር አይደለም፣ የፈረስ ነው። ያለ ሄልሜት ከዚህ በር ማንም አያልፍም። ጋሽ ይስማው እንዲህ ይላሉ፤ «ራሱን ያልሸፈነ እንግዳ ጉብኝቱ ከአጥሩ ውጭ ነው።»

አንጓች፦ ይሉ ነበር።

ቢተው፦ ምን?

አንጓች፦ «ይሉ ነበር» ነው የሚባለው። ነገ እኮ አርባቸው ነው።

ቢተው፦ ደንቡ አልሞተም። ያድርጉት እባክዎ።

አንጓች፦ እኔ ልጎበኝ አልመጣሁም። አንድ ነገር ልነግርህ ነው፤ እሱንም እዚሁ ቆሜ እነግርሃለሁ። ነገ ወይ ያ ፈረስ ይውጣ ወይ እኔ ልውጣ። ሁለታችን አንድ ለቅሶ ላይ አንቆምም።

ቢተው፦ እትዬ አንጓች...

አንጓች፦ እትዬ አንጓች የለም! በቀብሩ ዕለት ያደረገኝን አላየህም? እኔ ሙሾ ሳወርድ፣ አገሩ ሁሉ ደረቱን እየመታ ሲቀበለኝ፣ ያ ዳማ ፈረስህ ዞረና እግሩን ሰነዘረው። ጃንጥላዬን ከእጄ አስለቅቆ ወደ ሰማይ ሰደደው። የት እንዳረፈ ታውቃለህ?

ቢተው፦ መሪጌታው ራስ ላይ።

አንጓች፦ መሪጌታው ራስ ላይ! እኔ ደግሞ ጭቃው ውስጥ ዘፍ። ቀና ብዬ ሳይ ለቀስተኛው ሁሉ አፉን በነጠላው ይዟል። በሐዘን መስሎህ ነው? ሲስቁ ነው! ዕድሜዬን በሙሉ አስለቅሼ፣ እኔ ባለሁበት ቀብር ሰው ሲስቅ ያን ቀን ገና አየሁ።

ቢተው፦ እኔ አልሳቅሁም።

አንጓች፦ አንተማ አላለቀስክምም። አይቼሃለሁ። ልጓም ይዘህ እንደ ምሰሶ ተገትረህ ነበር።

ቢተው፦ ልጓም የያዘ ሰው አያለቅስም። ደንብ ነው።

አንጓች፦ ይሄም የጋሽ ይስማው ነው?

ቢተው፦ እንደዚያ ነገር ነው። ይስሙኝ እትዬ አንጓች፤ ፈረሱ ነገ ካልወጣ አለቀለት። ወንድማቸው አያ ዘለቀ ቁርጡን ነግረውኛል። «በአርባው ቀን ሰው መሃል በሰላም ከዋለ ይኑር፤ ዳግመኛ እግሩን ካነሳ ወይም ፈርታችሁ ከደበቃችሁት በማግስቱ ለጋሪ ይሸጣል» አሉ። ለጋሪ! ብሎኬት ሊጎትት!

አንጓች፦ ይጎትታ። እኔንስ ጭቃ ለጭቃ ጎትቶኝ የለ?

ቢተው፦ ጋሽ ይስማው ደግሞ «በአርባዬ ፈረሴ ከፊት ይሂድ፣ አንጓች ታልቅስልኝ» ብለዋል። አንዱን ብቻ አላሉም። ሁለታችሁንም ነው ያሉት።

አንጓች፦ እኔን በስም ጠሩኝ?

ቢተው፦ በስም። «ሌላዋ ትንጫጫለች፣ አንጓች ግን ታለቅሳለች» ይላሉ።

አንጓች፦ አየኸው ደግሞ! በምላሳቸው ያዙኝ። እሺ፣ እኔ ምን ላድርግልህ?

ቢተው፦ ይግቡና ድምፅዎን ይልመደው። ዛሬ ከለመደዎት ነገ አይደነግጥም። ሌላ ምንም አልለምንዎትም።

አንጓች፦ አምጣ እንግዲህ ያንን ድስት። ምነው ቢጫ? ሌላ ቀለም አልነበረም?

ቢተው፦ የወደቀ እንግዳ ሣሩ ውስጥ ቶሎ እንዲገኝ ብለው ነው ቢጫ የገዙት።

አንጓች፦ በጥቁር ሻሽ ላይ ቢጫ! የመስቀል ወፍ አስመሰልከኝ እኮ። ሰው ካየኝ ይህን አገር ለቅቄ ነው የምሄደው።

ቢተው፦ ማሰሪያውን አገጭዎ ስር ያጥብቁት። ጃንጥላው ውጭ ይቅር።

አንጓች፦ ጃንጥላ አለኝ ብለህ ነው? ሰባራውን ነው የያዝኩት፣ ለማስረጃ።

ቢተው፦ ማስረጃውም ውጭ ይቅር። ነጠላውን ይታጠቁት፤ ሲውለበለብ ትልቅ አሞራ የመጣበት ይመስለዋል። ይግቡ። በሩ!

አንጓች፦ ምን ሆነ በሩ?

ቢተው፦ ይዝጉት። የከፈተ ይዘጋል። አንድ ሙሽራ ለፎቶ ገብቶ በሩን ረስቶት፣ ፈረሶቹ ሁሉ ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ከሚዜዎቹ ጋር ተሰልፈው ተገኙ። ጋሽ ይስማው እስከ ዛሬ ይሄን ሲያወሩ እንባቸው እስኪመጣ ነው የሚስቁት።

አንጓች፦ እስከ ዛሬ።

ቢተው፦ ወደዚህ በግራ በኩል ይምጡ። ከኋላው በፍጹም አይሂዱ፤ ከኋላው ያለውን አያይም፣ የማያየውን ደግሞ በእግሩ ነው የሚጠይቀው። በግራ ትከሻው አጠገብ ይቁሙና ከመንካትዎ በፊት ያናግሩት።

አንጓች፦ ምን ልበለው?

ቢተው፦ እንደምን አደርክ ይበሉት።

አንጓች፦ ለፈረስ! እሱስ እግዚአብሔር ይመስገን ሊለኝ ነው?

ቢተው፦ ጆሮውን ወደፊት ካቆመ ብሏል ማለት ነው። ወደኋላ ከለጠፈው ግን አልፈለገም፤ ያኔ ቀ... ያኔ በዝግታ ይራቁ።

አንጓች፦ ምን ብለህ ዋጥከው?

ቢተው፦ ምንም አልዋጥኩም። ገብሱን ይያዙ። በጣት ማጉረስ የለም፤ መዳፍዎን ዘርግተው እንዲያነሳ ይተዉት። ከንፈሩ ጣትዎን ከገብሱ አይለይም።

አንጓች፦ እንደምን አደርክ፣ አንተ ባለጌ። ኸረ! ጆሮውን አቆመ። ሲበላ እንዴት ያለ ጨዋ ነው! ይሄ ነው ያንን ሁሉ ጉድ የሠራው?

ቢተው፦ ገመዱን እጅዎ ላይ አይጠምጥሙት።

አንጓች፦ ለምን?

ቢተው፦ ከደነገጠ ይዞዎት ይሄዳል።

አንጓች፦ ወዴት?

ቢተው፦ እስከ ዘንገና ሐይቅ። ከዚያ ወዲያ እርስዎ ያውቃሉ። አሁን ሙሾውን ይጀምሩለት። ብቻ እዚህ ድምፅ ከፍ አይደረግም።

አንጓች፦ አንተ ሰውዬ ጤና አለህ? አልቃሽ ጠርተህ ድምፅ ከፍ አይደረግም? ዋናተኛ አምጥተህ «እንዳትረጥብ» በለው እንጂ!

ቢተው፦ መጀመሪያ ቃሉን ብቻ ይስማ፣ ከዚያ ዜማውን ያስከትላሉ።

አንጓች፦ ቃሉንማ አሳምሬዋለሁ። ለነገ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ስገጥም ነው ያደርኩት። በፈረስ ስማቸው ነው የገባሁት። ሰው በፈረሱ ስም «አባ እገሌ» ተብሎ ሲለቀስ እኮ ድንጋይም አይችለው። ስማ፤

ቆመው ያስቀደሱ፣ ቀድሰው ያሳደሩ፣
አባ ቄስ ይስማው፣ መቋሚያዎን ጥለው ወዴት ተሻገሩ?

ምነው? ምን ሆንክ? አንተ ልጅ፣ እየሳቅክ ነው?

ቢተው፦ ይቅርታ... ይቅር ይበሉኝ... መቋሚያ?

አንጓች፦ መቋሚያ ነዋ! ቄስ በምን ይቆማል?

ቢተው፦ ጋሽ ይስማው መቼ ነው ቄስ የሆኑት? ቤተ ክርስቲያኑን ከፈረስ ሳይወርዱ ከሩቅ ተሳልመው የሚያልፉ ሰው ናቸው!

አንጓች፦ አንተ ራስህ አይደለህ የነገርከኝ? በቀብሩ ዕለት ጆሮህ ስር ገብቼ «የፈረስ ስማቸው ማነው?» ስልህ «አባ ቄስ» አላልከኝም? እኔማ ድሮ ቅስና ተቀብለው ይሆናል ብዬ፣ ቄሱ ወዴት ሄዱ፣ ቄሱ ማን ይናዝዘን እያልኩ ነው አገሩን ያስለቀስኩት።

ቢተው፦ ለካ ለዚህ ነው መሪጌታው ያን ቀን ዞር ዞር ሲሉ የነበሩት።

አንጓች፦ ታዲያ ምን ነበር ያልከኝ?

ቢተው፦ ድምፄ አልወጣ ብሎኝ ነው። ቄስ አላልኩም። ሌላ ነው።

አንጓች፦ ተናገረዋ!

ቢተው፦ እዚህ አይባልም። ጠጋ ይበሉ፣ በጆሮዎ ልንገርዎት።

አንጓች፦ ...ምን? «ቀ...» አትቀልድ! ይሄ ስም ነው? የሰው ፈረስ አባ መብረቅ፣ አባ ነጎድጓድ ይባላል፤ የእኛ ጌታ አባ... አባ ዝግታ?

ቢተው፦ ውርንጭላ ሳለ ነጎድጓድ ብለው ሰይመውት ነበር። ጆሮውንም አላዞረ። ጋሽ ይስማው ግን ቀኑን ሙሉ ሥራቸው ያቺን ቃል ማለት ነው። እንግዳው ሮጦ ሲገባ ያቺን ቃል። ሴትየዋ እርካቡ ውስጥ እግሯን ስታሾልክ ያቺን ቃል። ከንቲባው ልጓሙን ሲጎትቱ እንኳ አልማሯቸውም። ይሄ ውርንጭላ ሲሰማ ሲሰማ ስሙ መሰለው። ቃሏ በተባለች ቁጥር ከየትም ይሁን ከየት እየጋለበ ከች!

አንጓች፦ እያስጠነቀቁ ፈረሱን ይጠሩት ነበር በለኛ!

ቢተው፦ አዎ! አንዱን እንግዳ አደጋ ላይ እንዳይወድቅ «በዝግታ» ሲሉት፣ ፈረሱ በሩጫ መጥቶ አናቱ ላይ ይቆማል። ጓደኞቻቸው በዚያው ስም ጠሯቸው፤ እሳቸውም ወደዱት።

አንጓች፦ ቆይ፣ ቆይ። በቀብሩ ዕለት እኔ ከኋላው ሆኜ «ቄሱ! ቄሱ!» እያልኩ ስጮህ...

ቢተው፦ ስሙን የተጠራ መስሎታል።

አንጓች፦ በዚያ ድምፄ!

ቢተው፦ ዞሮ ሲያይ የማያውቃት ሴት ጃንጥላ ዘርግታ ቆማለች። ምን ያድርግ?

አንጓች፦ እኔው ጠርቼው ነዋ የመጣው! ለአገሩ ሁሉ «ፈረሱ ክፉ ነው» ብዬ ስናገር ከርሜያለሁ። አያ ዘለቀንም ያስጨከንኳቸው እኔ ነኝ። ለምን ያኔውኑ አልነገርከኝም?

ቢተው፦ እኔ ስሙን የሚጠሩ መስሎኝ ነበር። ደግሞም ለመንገር ቃሏን ማለት ያስፈልጋል።

አንጓች፦ ብትላትስ?

ቢተው፦ አልልማ። ጋሽ ይስማውን ወደ ሐኪም ቤት ለመውሰድ በቃሬዛ ስናወጣቸው እዚህ ደጃፉ ላይ አዳለጠን። እሳቸው ዓይናቸውን እንኳ ሳይገልጡ ያቺን ቃል አሏት። ለእኛ ነው ያሏት። ይሄ ግን ገመዱን በጥሶ መጣ። አስፋልቱ ድረስ ተከተለን፤ መኪናው ሲሄድ እዚያው መንገድ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ግቢ ውስጥ ያችን ቃል ማንም እንዳይል ከለከልኩ። እንግዳውንም፣ ሠራተኛውንም።

አንጓች፦ ይሄን ደንብ ጋሽ ይስማው አላወጡትም።

ቢተው፦ አላወጡትም። የእኔ ነው።

አንጓች፦ ነገ ግን ያ ሁሉ ሰው «አባ ቀስት» ሲል... ግድ የለህም፣ አንድ ፊደል ጨምሬበት ነው። አባ ቀስት ያምራል፤ የጀግና ይመስላል።

ቢተው፦ በውሸት ስም ሊያለቅሱላቸው ነው?

አንጓች፦ አየህ፣ ፈረሱም አኮረፈኝ። ጆሮውን አንዴ አነሳና መለሰው። እንግዲያው ራሷን ልሞክራት?

ቢተው፦ ተዉ!

አንጓች፦ አልጮህም። እንደ ሰላምታ ነው የምላት። «ቀስ።»

ቢተው፦ እትዬ አንጓች!

አንጓች፦ መጣ! ኸረ መጣልህ! ና የእኔ ጌታ... ኡኡ!

ቢተው፦ ምነው? ምን አደረገዎት?

አንጓች፦ በራሱ ራሴን መታኝ! ሊስመኝ ነው መሰለኝ፣ ግው አደረገኝ!

ቢተው፦ አመመዎት?

አንጓች፦ ድምፁ ነው እንጂ ሕመሙ የለም።

ቢተው፦ ለምን ይመስልዎታል?

አንጓች፦ ዝም በል። ድስቱን ጠቀመኝ አልልህም፤ ከአፌ አትሰማትም። ይልቅ ይሄ ፈረስ ምንድን ነው የሚያየው? እኔን ትቶ በላዬ አሻግሮ ነው የሚያየው።

ቢተው፦ በሩን ነው።

አንጓች፦ በሩ ላይ ማን አለ?

ቢተው፦ ማንም የለም። ቃሏን ሲሰማ እሳቸው የሚገቡ ይመስለዋል። ለዚህ እኮ ነው የከለከልኩት። በሩን ሲያይ... ማየት አልችልም።

አንጓች፦ አሁን ገባኝ። እሱ በሩን ያያል፣ አንተ «ይላሉ፣ ይላሉ» ትላለህ። ሁለታችሁም አንድ ሰው ነው የምትጠብቁት።

ቢተው፦ እኔ ማንንም አልጠብቅም። ሥራ አለኝ። ገብሱን ልጨምርለት።

አንጓች፦ ቁም። ነገ ልመጣ ነው። ጮኼ ግን አላለቅስም። ስሙን በጩኸት ከሰማ ይበረግጋል። ስለዚህ ስማቸው ላይ ስደርስ ድምፄን እጥላለሁ፤ ሰዉም አብሮኝ ይጥላል። ያ ሁሉ ሕዝብ ያቺን ቃል በሹክሹክታ ሲላት ይታይህ!

ቢተው፦ ሙሾ በሹክሹክታ? «አንጓች ድምፅዋ አለቀ» ይሉዎታል እኮ።

አንጓች፦ ይበሉ። ከዚህ በኋላ የሚጠራኝ ባይኖር በቢጫ ቆብ እንግዳ ተቀባይ ታደርገኛለህ። አሁን ስማ፣ አዲስ ልግጠምልህ፤

ልጋልብ የሚል ሰው ሲጋፋ በሰልፍ፣
ተቆጪው ጌታ ሄደ፣ በሩን ትቶ ክፍት።

ቢተው፦ ኧረ በሩን ክፍት አይተዉም!

አንጓች፦ ይሄ እኮ ግጥም ነው!

ቢተው፦ ግጥምም ቢሆን። በሩን ሳይዘጉ ሄደው አያውቁም። ደግሞ «ሰልፍ» እና «ክፍት» ቤት ይመታል?

አንጓች፦ ሐያሲም ሆንክልኝ? እሺ ተወው። ሌላ መጣልኝ። ይሄኛው ተቀባይ ይፈልጋል፤ እኔ እጠይቃለሁ፣ አንተ ትመልሳለህ። ነገ ሰዉ ከአንተ ነው የሚቀበለው።

ቢተው፦ እኔ ልጓም ነው የምይዘው።

አንጓች፦ ልጓሙን በእጅህ፣ ቃሉን በአፍህ። አሁን ገመዱን እንካና ስማ፤

ችኩል እንግዳ መጥቶ ፈረሱን ሲዳፈር፣
አባ ቀስ ይስማው ምን ይለው ነበር?

በል መልስ።

ቢተው፦ «ሄልሜትህን አድርግ» ይላሉ።

አንጓች፦ ቢተው!

ቢተው፦ እውነቴን ነው። መጀመሪያ የሚሉት እሱን ነው።

አንጓች፦ ያቺን ቃል በላት። በስሱ። ይኸው አንገቱን ይዤልሃለሁ፤ እንዴት እንደሚሞቅ!

ችኩል እንግዳ መጥቶ ፈረሱን ሲዳፈር፣
አባ ቀስ ይስማው ምን ይለው ነበር?

ቢተው፦ ቀስ... ይላሉ።

አንጓች፦ አይ! ቤት አይመታም።

ቢተው፦ ለምን አይመታም?

አንጓች፦ «ሲዳፈር» ብዬ፣ «ነበር» ብዬ፣ አንተ «ይላሉ» ትለኛለህ? ግጥሙን ሰበርከው። ደግሞ እየው፣ አሁንም በሩን ነው የሚያየው።

ቢተው፦ ሌላ ቤት ይፈልጉለት። በ«ሉ» የሚያልቅ ይግጠሙ። እርስዎ መቼ ቃል ያጥርዎታል?

አንጓች፦ ለሌላ ሰው ቢሆን እገጥም ነበር። ለዚህ ግን ሌላ ቤት የለኝም ልጄ። እንኳን ሰው ፈረሱም ቆሞ እየሰማህ ነው። ገመዱን ላላ አድርገው፣ እጅህ ላይ ጠምጥመኸዋል።

ቢተው፦ እ... ጠምጥሜዋለሁ እንዴ?

አንጓች፦ ጠምጥመኸዋል። እስከ ዘንገና ሊወስድህ ነው። ፍታው። እንደሱ። በል ለመጨረሻ ጊዜ፤

ችኩል እንግዳ መጥቶ ፈረሱን ሲዳፈር፣
አባ ቀስ ይስማው ምን ይለው ነበር?

ቢተው፦ ቀስ...

አንጓች፦ አለሁ።

ቢተው፦ ቀስ... ይለው ነበር።

አንጓች፦ አትንቀሳቀስ! ዞረ እኮ። በሩን ትቶ ወደ አንተ እየመጣ ነው።

ቢተው፦ እትዬ አንጓች፣ ፊቴን... ሸሚዜን እያረጠበው ነው።

አንጓች፦ እሱ አይደለም የሚያረጥበው። አልቅስ፣ ልጓም አልያዝክም። ነገ በግራ ትከሻው በኩል ነው የምቆመው፤ ያንን ሄልሜት ግን ጥቁር ጨርቅ አልብስልኝ፣ በቢጫ አላለቅስም።